ሆድ ያወጣው ግድግዳ

ግንበኝነት የጀመርኩት ለፎቶግራፍ ነው። በደርግ ጊዜ ወረታ ላይ የቀበሌ አዳራሽ መሠራት ሲጀመር ለካድሬያችን ከበላይ አካል ጥያቄ መጣለት፤ ከተለማማጅ ግንበኞቹ መካከል ሴት አለች ወይ? አልነበረችም። በማግስቱ የሴቶች ማህበር ተሰብስቦ እኔን መረጠ። ለምን እኔ ብዬ ብጠይቅ ረጅም ስለሆንሽ ከሩቅ ትታያለሽ አሉኝ።

እናቴ ስትሰማ «ወይ ጉድ፣ የወረታ ወንድ አልቆ ነው?» ብላ በነጠላዋ አፏን ያዘች። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ፎገራ ሜዳ ላይ ያደገ ሰው ድንጋይ ብርቁ ነው። መሬታችን ጥቁር ጭቃ ነው፤ ክረምት እግር ይውጣል፣ በጋ ይሰነጣጠቃል። እዚያ ጭቃ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ነገር በእጄ መሥራት አማረኝ፤ እውነቴን ነው።

ዋናውን ግንበኛ ጋሼ እንላቸው ነበር። ሲቆጡም ሲደሰቱም ፊታቸው የማይለወጥ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ሁለት ወንድ ተለማማጆች ነበሯቸው። ትምህርታቸው ደግሞ አንዲት ቃል ናት። ተለማማጅ የገነባውን በቱንቢ ያዩታል፤ ቱንቢ ማለት ጫፉ ላይ ብረት የተንጠለጠለበት ገመድ ነው። ግንቡ ከገመዱ ከራቀ «አፍርሰው» ይላሉ። ሌላ ሰው አያፈርስለትም፤ የገነባው ራሱ ያፈርሳል፣ ራሱ ይደግመዋል። የቀን ሠራተኛ ሲያበላሽ ግን ምንም አይሉም፤ ዝም ብለው ራሳቸው ያቃኑለታል። ከቀን ሠራተኛ ምን ይጠበቃል ብለው ነው።

ሁለቱ ወንዶች «አፍርሰው» ሲባሉ ፊታቸው ይጠቁራል፤ እኔ ደግሞ በቅናት እቃጠላለሁ። እኔን እንዲህ ብለውኝ አያውቁም፤ ምን ገንብቼ? ሥራዬ አሸዋና ውሃ ማመላለስ ነበር። የግንብ ማንኪያ እንዲሰጡኝ ስጠይቃቸው «ቆዪ ልጄ፣ እጅሽን ያቆስለዋል» ይሉኛል። ባልዲ የላጠውን እጄን ማን አየልኝ?

እንግዳ የመጣ ቀን ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። ካድሬው ከጋራዥ የተዋሰውን፣ ዘይት ዘይት የሚሸት ቱታ ያለብሰኛል፤ መወጣጫው ላይ ያቆመኛል፤ ማንኪያ ያስይዘኛል። እንግዳው «ጓዲት፣ ሥራ እንዴት ነው?» ሲለኝ «ትግሉ ይቀጥላል» እላለሁ። ፎቶ ይነሳል። የእንግዳው መኪና የርብን ወንዝ ሳይሻገር ቱታው ወደ ጋራዡ፣ እኔም ወደ አሸዋዬ እንመለሳለን።

ታዲያ አንድ ነሐሴ ላይ ከጎንደር እንግዶች መጡ። ፎቶአቸውን ተነስተው፣ ምሳቸውን በልተው ሊነሱ ሲሉ ሰማዩ ተቀደደ። ርብ ሞልቶ ሜዳውን አለበሰው። በሐሙሲት በኩል እንውጣ ቢሉ የጉማራ ወንዝም ሞልቷል። እንግዶቹ ወረታ ላይ ታጎሩ። ሌላ የሚያዩት ነገር ስለሌለ ጠዋትም ማታም የሚመጡት እኛ ዘንድ ነው።

አሁን ምን ይደረግ? ግንበኛ ናት ተብያለሁ፤ ግንበኛ ደግሞ ቆሞ አይውልም። ካድሬው ላብ በላብ ሆኖ «ገንቢ» አለኝ። ጋሼም ሊያሳዩኝ አልቻሉም፤ የሠለጠነች የተባለች ሰው በእንግዳ ፊት እንዴት ትማራለች? ስለዚህ አሸዋ ሳቀብል በዓይኔ በለቀምኩት ብቻ የምሥራቁን ግድግዳ ይዤ ወጣሁ። ደስታዬን አልደብቅም፤ ሌሊት እንኳ ድንጋይ ስመርጥ ነበር የማድረው በሕልሜ።

እንግዶቹ አጨበጨቡ። አለቃቸው ግድግዳውን ዳብሶ «የሴቶች እኩልነት ሕያው ምስክር» አለው። ምስክሩ ግን ወገቡ ላይ ሆድ አውጥቷል። ቀና ብዬ ሳየው መውለጃዋ የደረሰ እርጉዝ መሰለኝና አፈርኩ።

ውሃው ሸሸ፤ እንግዶቹም ሄዱ። ካድሬው ወዲያው ሠራተኛውን ሰብስቦ ይህን ግድግዳ ማንም እንዳይነካው፣ የጎደለውን ልስን ይሸፍነዋል አለ። ሁሉም አመሰገነኝ። እኔ ግን ዓይኔ ጋሼ ላይ ነበር። ዝም ብለው ራሳቸው ቢያቃኑት የቀን ሠራተኛ ነኝ ማለት ነው፤ አለቀልኝ።

ጋሼ ቱንቢያቸውን አውጥተው ገመዱን ለቀቁት። ብረቱ ተወዛወዘና ቆመ። ግድግዳውን አዩት፤ እኔን አዩኝ።

«አፍርሺው» አሉኝ።

ካድሬው ዘሎ መጣ። «ምን ማለት ነው ጓድ ግንበኛ? የተመሰገነ ግድግዳ ነው እኮ!»

ጋሼ ፊታቸው ሳይለወጥ «እሷ ግለ ሂስ ልታደርግ ነው ጓድ» አሉት።

ግለ ሂስ አድርጉ እያለ በየስብሰባው ሲያደርቀን የከረመው ካድሬው ራሱ ነው። ግለ ሂስ ከለከለ ሊባል ነው? «በርቺ» ብሎ ሄደ።

ድንጋዩን አንድ በአንድ ሳወርድ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል። ከወንዶቹ አንዱ የከፋኝ መስሎት ከሥር ይቀበለኝ ጀመር። «አይዞሽ» አለኝ፣ «እኛም ስናፈርስ ነው የከረምነው።»

ቱታውን ያን ቀን ወደ ጋራዡ አልመለስኩትም።