የፊተኛው ረድፍ

ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለችው ክፍል አንድ አልጋና አንድ ወንበር ብታስገባ ነው። ውሃ ልክ የሚሉት እንጨት ደርዳሪ ግን የሦስት ወር ማገዶ ያስገባባታል።

ስሙን ያወጡለት ግንበኞች ናቸው። አንድ ቀን የደረደረውን እንጨት አይተው፣ «ይሄ ሰውዬ ውሃ ልክ ውጦ ነው የተወለደው» አሉ፤ በዚያው ጸና። ከሥር ርብራብ ያነጥፋል፣ እንጨቱ የወለል እርጥበት እንዳይጠጣ። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይርቃል፣ ነፋስ ይለፍ ብሎ። በሁለቱ ጫፎች ፍልጡን ጥንድ ጥንድ እያጠላለፈ ምሰሶ ያቆማል፤ መሐሉን ወፍራሙን ከቀጭኑ እያጋባ ይሞላዋል። «እንጨትም እንደ ሰው ነው፤ ጎኑን ካወቅህለት ከጎረቤቱ አይጣላም» ይላል።

ከሁሉ በፊት ግን ሁለት ፍልጥ አንስቶ ያጋጫል። የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ እርጥቡ ድምፁን ይውጠዋል። አርባ ዓመት ሙሉ በእሱ እጅ አልፎ ምድጃ የገባ እርጥብ የለም።

ዘንድሮ ጉልበቱ ከዳው። ቁጢጥ ካለ መነሳት አቃተው። ስለዚህ ታናሽ ወንድሙን ላከ፤ አባታቸው ሲሞት አዝሎ ያሳደገውን፣ ሙያውን አንድ በአንድ ያሳየውን የእናቱን ልጅ። እንጨቱን ከጓሮው እያጋጨ መረጠለትና፣ «የኔን እጅ ይዞ ነው የሚመጣው» ብሎ ለዳቦ ጋጋሪዋ መልእክት ላከ።

በሦስተኛው ሳምንት ጋጋሪዋ ራሷ ቤቱ ድረስ መጣች። ዓይኗ በጭስ ቀልቷል።

«አባቴ፣ ምን በደልኩዎት?»

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ምድጃው ያለቅሳል እንጂ አይነድም። ዳቦው ላዩ ጥቁር፣ ውስጡ ሊጥ። ትናንት አንዱ ደንበኛ ሆዱን ይዞ መጥቶ ስንት ነገር ተናገረኝ።»

«እንጨቱማ ደረቅ ነው።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ወንድምዎ፣ ‹ጋሼ ራሱ መርጦ የላከው ነው› አለኝ።»

ከዘራውን ይዞ ተከተላት።

ክምሩን ሲያይ ልቡ ተመለሰ። ምሰሶዎቹ ቀጥ ብለዋል፤ አንድ ጋት እንኳ አላጋደለም። ከፊተኛው ረድፍ ሁለት ፍልጥ መዞ አጋጨ። ጠራ። «ጭስ ማውጫው ተዘግቶ ይሆናል» ሊላት አፉን ከከፈተ በኋላ፣ እንዲያው እጁ አላርፍ ብሎት ከሁለተኛው ረድፍ አንድ ሳበ። ከበደው። ልጡ ገና አልለቀቀም፤ መዳፉ ላይ ሙጫ ተጣበቀ። ሦስተኛው ረድፍም፣ አራተኛውም ያው ነው። መጨረሻው ከግድግዳው ጋር ተላጥፎ ነጭ ሻጋታ አውጥቷል።

ባዳ ደርድሮት ቢሆን ከዘመመው፣ ከጎበጠው ይለየው ነበር። ይሄ ግን የገዛ እጁ ያስተማረው አደራደር ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚሉት ይሄው ነው።

ወንድሙ፣ የነደደውን ፊተኛ ረድፍ በየሳምንቱ የሚተካበትን የእንጨት ሸክም እንደያዘ፣ ከበሩ ላይ ደረሰ።

«ጋሼ፣ በዚህ ጉልበትህ ማን ውጣ አለህ?»

«ደረቁ የት ሄደ?»

ወንድሙ ወለሉ ላይ የተበተነውን አይቶ ሳቅ አለ። «አንድ ሆቴል በተሻለ ዋጋ ፈለገው። ምን ችግር አለ፣ ከደረቁ ጋር እርጥቡም ይነዳል ሲባል አልሰማህም?»

«ስሜን ለምን ጠራህ?»

«ታዲያ የማንን ልጥራ? የኔን ማን ያምናል?»

ጋጋሪዋ ዱቄት የነካውን እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች። ወንድሙ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንድ ቃል ብቻ ጋሼ። እርጅና ነው፣ ዓይኔ ደክሞ ነው በላት። አንተ እንደሆንህ ከእንግዲህ አትሠራም። እኔ ግን ነገ በየትኛው በር እገባለሁ?»

ውሃ ልክ ወንድሙን አየው። ትንሽ ሆኖ ጀርባው ላይ ሲያንቀላፋ የነበረውን ክብደት አሰበ። ከአርባው ዓመት ስሙ ይህችን አንዲት ቃል አውጥቶ ሊሰጠው ይችላል፤ ብዙ ነገር ሰጥቶታል።

«እህ፣ አባቴ?» አለች ጋጋሪዋ።

«አደራደሩን ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለ። «እርጥቡን ያስገባው ግን እሱ ነው። እኔ አላውቅም።»

ወንድሙ ሸክሙን ደፍ ላይ ጣለው። «ለባዳ ሸጥኸኝ» አለ ቀስ ብሎ። ወጥቶ ሄደ።

ውሃ ልክ በርጩማ ጠየቃት። ተቀምጦ ክምሩን ይንድ ጀመር፤ እያጋጨ እርጥቡን ወደ ግቢው፣ ደረቁን ወደ ጥግ። ጋጋሪዋ ወደ ሊጧ ትመለሳለች ብሎ ነበር። አልተመለሰችም። ከራሱ በላይ ቆማ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች።

ሁለት ፍልጥ አጋጨ። ጠራ። ወደ ደረቁ ሊወረውር እጁን ሲያነሳ፣

«ያችን አንዴ ይድገሟት» አለች።

ደገማት።