ውሃውን የተከተለው ዘንግ

ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ረቡዕ። የጠዋቱ ንባብ 1 ሜትር ከ21 ሳንቲ ሜትር። የማታው ንባብ ባዶ ነው። አቶ ደበሌ በዚያ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደጃፋቸው ላይ እንደተቀመጡ አርፈዋል።

ቅጹ ባዶ ቦታ አይፈቅድም። የክፍል ኃላፊያችን አቶ መክብብ በማግስቱ፣ ከቀብር መልስ፣ «የሳምንቱን አማካይ ወስደሽ ሙዪው» አሉኝ። አልሞላሁትም። አቶ ደበሌ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በዓይናቸው ያላዩትን ቁጥር ጽፈው አያውቁም፤ ከሞቱ በኋላ የሚጀምሩበት ምክንያት አልታየኝም።

አቶ ደበሌ ከሀዋሳ በስተምሥራቅ ባለው ረግረግ ዳር የሚኖሩ ገበሬ፣ የመሥሪያ ቤታችንም የውሃ ከፍታ አንባቢ ነበሩ። ሥራው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ቦቲ አጥልቆ ውሃ ውስጥ ወደ ተተከለው የብረት ዘንግ መሄድ፣ ውሃው የነካውን ቁጥር አይቶ መጻፍ ነው። ቅጹ በየወሩ መዝገብ ቤት፣ እኔ ዘንድ ይደርሳል። የእጅ ጽሑፋቸው የአራተኛ ክፍል ተማሪ ጽሑፍ ይመስላል፤ ስርዝ ድልዝ ግን አላየሁበትም።

በ1995 የተተከለው ዘንግ በ2001 ደረቅ መሬት ላይ ቀረ። አቶ ደበሌ «ውሃ የለም» ብለው ጻፉ። ቅጹ ተመለሰባቸው፤ በመመሪያው መሠረት ውሃ ያልነካው ዘንግ የተበላሸ መሣሪያ ነው። ቴክኒሻኖች መጥተው ውሃው ወደ ሸሸበት ሌላ ዘንግ ተከሉ። በ2006 እንደገና። በ2012 እንደገና። ውሃው በሸሸ ቁጥር ዘንጉ ተከተለው። ስለዚህ መደርደሪያዬ ላይ ባሉት ሃያ ሁለት ፋይሎች ውስጥ ረግረጉ ጎድሎ አያውቅም። ዓመታዊ ሪፖርቶቻችን «የውሃው ከፍታ የተረጋጋ ነው» ይላሉ። ከፋይሉ ጋር አመሳክሬዋለሁ፤ የቁጥር ስሕተት የለበትም።

አቶ ደበሌ ግን የመጀመሪያው ዘንግ እንዳይነቀል ለመኑ። በየዓመቱ በጥር ወር ከእሱ ተነሥተው እስከ ውሃው ጠርዝ በእግራቸው እየቆጠሩ በራሳቸው ደብተር ይጽፉ ነበር። ሦስት መቶ አሥር እርምጃ። ከዓመታት በኋላ ሰባት መቶ ስልሳ። በመጨረሻ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ። ደብተሩን ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ።

«ሮማን፣ ይሄን እዚያ መዝገብሽ ላይ አስገቢልኝ።»

«ጋሽ ደበሌ፣ ቅጹ ላይ የእርምጃ ዓምድ የለም።»

«ታዲያ አስምሪበት።»

«ቅጽ በመመሪያ ነው የሚቀየረው።»

«ውሃው በማን መመሪያ ሄደ?»

ይህ ንግግር በየዓመቱ ይደገም ነበር። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሕይወት እያሉ ውሃው መሄዱ በመንግሥት ወረቀት ላይ እንዲሰፍር። «አለዚያ» ይሉኝ ነበር፣ «የልጅ ልጆቼ እዚህ ውሃ ነበረ ስላቸው፣ ሽማግሌው ጃጀ ይሉኛል። ወረቀታችሁም ለእነሱ ይመሰክራል።»

በ2016 ጥር «የረግረጋማ መሬቶች መራቆት መንስኤዎች» የተባለ የሁለት ቀን ዐውደ ጥናት ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል ተዘጋጀ። አቶ ደበሌ የማኅበረሰብ ተወካይ ተብለው ተጠሩ፤ እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። የአዳራሹ ወለል እንደ ደንቡ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል። አቶ ደበሌ ጎንበስ ብለው ጥቂት አነሡና አሸተቱት።

«ይሄ ከየት መጣ?» ብለው አስተናጋጇን ብርቱካንን ጠየቋት።

«ከእርስዎ ሰፈር ነው፣ አባባ። ዛሬ ጠዋት የታጨደ ነው።»

«ነገስ?»

«ነገ ሌላ ይመጣል።»

«እንግዲያው ቶሎ ተወያዩ በያቸው፤ ሳያልቅ።»

አቶ መክብብ መድረክ ላይ ሆነው መንስኤዎቹን ከነዋሪው አንደበት መስማት እንፈልጋለን አሉ። አቶ ደበሌ ተነሡ። ተራራው ላይ የነበረው ጫካ ለከሰል እንዳለቀ፣ አፈሩም በየክረምቱ ወርዶ ረግረጉን እንደሞላው ተናገሩ። ጎመንና ሽንኩርት ለመትከል ሰዉ ቦይ እየቀደደ ውሃውን እንዳፈሰሰው፣ የተረፈውን ከብት እንደረገጠው፣ ከከተማ ሲኖትራክ እየመጣ ፍርስራሽ እንደደፋበትና በዓመቱ ፍርስራሹ ላይ ቤት እንደቆመ አንድ በአንድ ቆጠሩ።

«ደግሞ ባሕር ዛፍ አለ፤ ሰባ እግር፣ ልክ የመጀመሪያው ዘንግ አጠገብ። ሌት ተቀን ይጠጣል።»

«የማን ነው?» አሉ አቶ መክብብ።

«የእኔ።»

አዳራሹ ሳቀ። አቶ መክብብም ፈገግ ብለው፣ «ጋሽ ደበሌ፣ ይህን ሁሉ ጠቅለል አድርገን የአየር ንብረት ለውጥና የሕዝብ ብዛት ብንለውስ?» አሉ።

«ይባል። ግን የአየር ንብረት ለውጥ ጎረቤቴ አይደለም፤ ሄጄ ላናግረው አልችልም። ደበሌን ግን ማታ ቤቱ አገኘዋለሁ።»

ቃለ ጉባኤው ላይ «የማኅበረሰቡ ተወካይ ገንቢ አስተያየት ሰጥተዋል» ብዬ ጻፍኩ። አምስት ቃል። ዛሬም ፋይሉ ውስጥ አለ፤ ፊርማው የእኔ ነው።

በሳምንቱ አቶ ደበሌ ባሕር ዛፋቸውን ቆረጡት። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ለልጃቸው ለዮናስ ቤት መሥሪያ አስበውት ኖሯል።

«የዮናስ አባት፣ ሌላው ሰው ቦዩን ደፈነ?»

«አልደፈነም።»

«ታዲያ አንተን ብቻህን ሞኝ ሁን ብሎ ማን መረጠህ?»

«አቶ መክብብ ናቸዋ፤ ተወካይ አድርገውኝ።»

ወይዘሮ አስካለ ይህን ለቅሶ ላይ ሲነግሩኝ ሳቁ፤ ወዲያው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ውሃው አልተመለሰም። የተመለሰው ባሕር ዛፉ ነው፤ ከየጉቶው ሦስትም አራትም ሆኖ አቆጠቆጠ። አቶ ደበሌ ይህንንም በደብተራቸው አስፍረዋል፦ «የእኔ ባሕር ዛፍ። 70 የነበረ። አሁን 230።»

መዝገብ ቤት አንድ ደንብ አለው። ማመልከቻ ይዞ የመጣ ወረቀት፣ ይዘቱ ምንም ይሁን ምን፣ ከነአባሪው ተመዝግቦ ቁጥር ይሰጠዋል። ይህን ከሥራዬ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ለአቶ ደበሌ የነገርኳቸው ግን በ2017 ጥቅምት ነው። እሳቸው ስለ ዓምድ ይጠይቁኝ ነበር፤ እኔም ስለ ዓምድ እመልስ ነበር።

ኅዳር 18 የጠዋቱን ንባብ ጽፈው፣ ቦቲያቸውን አውልቀው፣ በባጃጅ ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ሄደው ደብተሩን ፎቶ ኮፒ አስደረጉ። አራት ሰዓት ላይ መዝገብ ቤት ደረሱ። ማመልከቻው አንድ መስመር ነው፦ «ውሃው የት እንደደረሰ ስለማሳወቅ።» አባሪ አሥራ አንድ ገጽ። ገጾቹን ቆጠርኩ፤ በማመልከቻውና በእሳቸው ኮፒ ላይ የገቢ ማኅተም መታሁ፤ ቁጥር 1147 ብዬ መዘገብኩት።

«አሁን ይሄን ከዚህ ማን ያወጣዋል?»

«ማንም አያወጣውም፣ ጋሽ ደበሌ። ግን የሚያነበው ሰው መኖሩን እንጃ።»

«ማንበቡ የእኔ ሥራ ነው። ኮፒዬን ስጪኝ፤ ለማታው እንድደርስ።»

ሰጠኋቸው። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እፍ አሉበት። ሁለት ጊዜ አጥፈው ኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱትና ባጃጅ ሊይዙ ወጡ።