ይጠብቃል ወይስ ይላላል?

የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ዝንብ እንኳ እሽ የማይል ሰው ነው፤ «ቀስ በሉ፣ ምላጭ ይዣለሁ» ማለት ስለሚያበዛ ስሙ ጋሽ ቀስታ ሆኖ ቀረ። በቀኝ ጆሮው በደንብ አይሰማም። ምን ሆነህ ነው ሲሉት «ጉንፋን ነው» ይላል፤ ምን ዓይነት ጉንፋን ዕድሜ ልክ እንደሚቆይ ግን የጠየቀው የለም።

በዚህ ሰው ላይ ነው እንግዲህ አገር የተነሳበት። ልጁ ከሚጫወትበት የሮክ ባንድ ተለይቶ ብቻውን ባወጣው ዘፈን «በራችን ሲዘጋ አባቴ ይመታል» ብሎ ጮኸ። ዘፈነ አይባልም መቼም፣ ጮኸ ነው። ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ስትላላ አባት መቺ ነው፤ ስትጠብቅ ደግሞ እሱው ነው የሚደበደበው። ጊታሩ ቃሏን ውጧት የሚለይ ጆሮ ጠፋ። ሬዲዮው ሲከራከርበት ሰነበተ። ሰፈሩ ምን ክርክር አስፈለገው! ባል ይመታል እንጂ ተመታ ሲባል ማን ሰምቶ? ደንበኞቹ አንድ ባንድ ቀሩ።

አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ባለ ልኳንዳው ጓደኛው ነበር፤ ግማሽ ፊቱ ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው።

«ስንት ዘመን አንገቴን ሰጥቼሃለሁ» አለ። «ዛሬ ግን ምላጩ ሲጠጋኝ ከበደኝ። ቁርጡን ንገረኝ፤ ቃሉ ይጠብቃል ወይስ ይላላል?»

ከመጋረጃው ወዲያ፣ የጋሽ ቀስታ ሚስት የሴቶች ፀጉር ከምትሠራበት በኩል፣ የማድረቂያው ድምፅ ቆመ። ጋሽ ቀስታ ምላጩን ከጓደኛው አንገት አራቀ። ይጠብቃል ቢል ቀጣዩ ጥያቄ «በማን?» ነው፤ በዚያ ቤት ደግሞ ከልጁ ሌላ የኖሩት እሱና እሷ ብቻ ናቸው። እሷን ሰፈሩ «እትዬ» እያለ ይወዳታል። እሱም፣ ጉድ በሉ፣ ይወዳታል።

«ይላላል» አለ። «ልጄ ውሸት አይዘፍንም።»

ባለ ልኳንዳው አረፋውን በፎጣ ጠርጎ፣ ግማሽ ጢሙን እንደያዘ ወደ በሩ አመራ። መጋረጃው ተገለጠ።

«ቆይ!» አለች ሚስቱ፣ ልታስቆመው እጇን አንስታ።

ጋሽ ቀስታ ከአጠገቧ ነበር። ሳያስበው አንገቱን ቀበረና ቀኝ ጆሮውን በመዳፉ ሸፈነ።

ባለ ልኳንዳው በሩ ላይ ቆመ። መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እሷን አየ።

«ለካ ይጠብቃል» አለ ቀስ ብሎ።

ሚስትየው የተነሳ እጇን የት እንደምታወርደው ጠፋት።