የጋሼ ወረቀቶች እንጅባራ ከገቡ በኋላ

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከዳንግላ መናኸሪያ ተሳፈርኩ። የምሄደው እንጅባራ ነው፤ የጋሼን ወረቀቶች ለማየትና ምንም እንዳላጠፋሁ ለመናገር።

ጋሼ የምላቸው ሰው የታሪክ ፕሮፌሰር ነበሩ። ጡረታ ወጥተው ዳንግላ ሲገቡ ቤታቸውን እንድይዝ ተቀጠርኩና ስድስት ዓመት አብሬያቸው ኖርኩ። ጡረታ ወጡ ይባል እንጂ ማረፍ አያውቁም ነበር። በየገጠሩ እየዞሩ የድሮ አብያተ ክርስቲያናትን ጣሪያ፣ ግድግዳና በር ይለካሉ፣ ይስላሉ። “ቢፈርስ እንኳ እንዴት እንደነበረ የሚናገር ወረቀት ይኑር” ይሉ ነበር። ቦርሳውን የምሸከመውና የሜትሩን ጫፍ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ብዙ አልጠይቅም። ያዢ ሲሉኝ እይዛለሁ፣ ጻፊ ሲሉኝ እጽፋለሁ።

አምና አረፉ። ወረቀቶቻቸው በካርቶን ተጭነው እንጅባራ ወደሚገኝ የመዛግብት ክፍል ተወሰዱ። የምታደራጃቸው ሰላማዊት ናት፣ የድሮ ተማሪያቸው። ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ።

“ፋይሎቹ ላይ የተጻፈው የገጽ ብዛትና ውስጡ ያለው አልገናኝ አለኝ” አለች። “ስልሳ የሚለውን ስከፍተው አሥራ አራት ገጽ ነው። ቤት የቀረ ይኖር ይሆን? ወይ ደግሞ ሳታውቂ ለእሳት ማቀጣጠያ…”

“እመጣለሁ” ብቻ ብዬ ዘጋሁት።

አንድም ገጽ አልጠፋም። ቁጥሮቹ ምን እንደሆኑ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከቤት ስወጣ ግን ያሰብኩት “አላቃጠልኩም” ብዬ ለመመለስ እንጂ ቁጥሮቹን ላስረዳት አልነበረም። ስትቸገር ማየት አምሮኝ ነበር።

መንገድ ላይ

የሚኒባሱ ዋጋ መቶ ሃያ ብር ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው እንጅባራ ወርዳ ወደ አዘና የምትቀጥል ሽንኩርት ነጋዴ ናት። አዲሱን ነጠላዬን አየችና፣

“ሠርግ ነው?” አለችኝ።

“አይ፣ ወረቀት ለማየት ነው።”

“ፍርድ ቤት አለብሽ?”

“የእኔ አይደለም። የሞቱ ሰው ወረቀት ነው።”

“ባልሽ ናቸው?”

“አይደሉም።”

“አባትሽ?”

“አይደሉም።”

“ታዲያ አንቺ ምን አገባሽ?” አለች። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

አዲስ ቅዳምን ስናልፍ መሬቱ ሁሉ ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ ነው። ገበሬው ጤፍ ይዘራበት የነበረውን ማሳ ሳይቀር ዛፉን ተክሎበታል። በአስፋልቱ ዳርና ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሮ መኪና ይጠብቃል። ወደ እንጅባራ ስንቃረብ ጉም ወረደና ሾፌሩ መብራት አበራ።

ሰላማዊት አንድ ጊዜ ዳንግላ መጥታ ነበር። ጋሼ ያኔ ከአልጋ መነሳት ካቃታቸው ሰንብቶ ነበር። የዚያን ቀን ግን ጢማቸውን ተላጭተው፣ ኮት ለብሰው ጠበቋት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያወሩ እኔ ሻይ አመላለስኩ። “ሥራዬን የሚረዳልኝ ሰው እሷ ናት” አሉኝ ስትሄድ። ለእሷ ያቀረብኩት ሻይ ስኳር የለውም ነበር። ሆን ብዬ ነው።

እንጅባራ፣ ረፋድ ሦስት ሰዓት

ከመናኸሪያው በባጃጅ በሠላሳ ብር ደረስኩ። ክፍሉ ረጅምና ቀዝቃዛ ነው፤ የብረት መደርደሪያው በካርቶን ተሞልቷል። ሰላማዊት ነጭ ጓንት አድርጋለች። እኔ በባዶ እጄ አቧራውን ስጠርግለት የኖርኩትን ወረቀት እሷ በጓንት ትነካዋለች።

“ነይ እህቴ ግቢ፤ ብርዱ አይቻልም” ብላ ወንበር ሳበችልኝ። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

“አላቃጠልኩም” አልኩ እንደተቀመጥኩ።

“እኔም ጥፋተኛ ነሽ ማለቴ አይደለም። ግን እዪው” ብላ አንድ ፋይል ገለጠችልኝ። በሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ 12 ተጽፏል፤ ከሥሩ በትንሹ 60። “እንዲህ አሥራ ሁለት የሚል አራት ፋይል አለ። ትልቁ ቁጥር ግን ከሠላሳ አልፎ አያውቅም። መጨረሻ ላይ እጃቸው በጣም ደክሞ ነበር መሰለኝ። ቁጥሩ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ አየሽ?” በጓንቷ ቀስ አድርጋ ዳሰሰችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ጽሑፉ የእኔ ነው።

በሩ ተንኳኩቶ ጥምጣም ያደረጉ ቄስ ገቡ። “ዛሬስ ተገኘ?” አሏት።

“አልተገኘም አባ። ስም ያለው ፋይል የለም እኮ፤ ሁሉም ቁጥር ነው።”

“ሦስተኛ ምልልሴ ነው ልጄ። ነገ አናጢው ይጀምራል” አሉና ወጡ።

ቀትር

ምሳ ልበላ ብዬ ወጣሁ። ቄሱ ደጁ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠዋል። በአዊኛ ሰላም ስላቸው ቀና ብለው አዩኝ።

“አንቺ ከፕሮፌሰሩ ጋር ሜትር የያዝሽው ልጅ አይደለሽ?”

ያን ቀን በሥራዬ ያወቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ከዘንገና ሐይቅ በላይ ያለችው የገጠር ማርያም አገልጋይ ናቸው። የቤተ ክርስቲያኗ ጣሪያ በክረምቱ ወድቋል። ግማሹ ሰው በቆርቆሮ ይሁን ይላል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ የድሮው ልክ ከተገኘ በሳር፣ እንደነበረው ይሠራል ብለው ተስማምተዋል።

“ካልተገኘስ?” አልኩ።

“ካልተገኘ ነገ ቆርቆሮው ይወጣል። ወራጁንም ያሳጥሩታል፤ እንጨቱ ውድ ነው እያሉ።” ከዚያ ጣሪያውን ሊያሳዩኝ እጃቸውን ከፍ አደረጉ፣ ጥቂት አሰቡ፣ መልሰው አወረዱት። “ስልሳ ዓመት ከሥሩ ቆሜያለሁ፤ ቁመቱን ግን መናገር አልችልም።”

ሽሮ አዝዤ ሁለት ጉርሻ ብቻ በላሁ። ብነግራት ከጋሼ ለእኔ ብቻ የቀረኝ ነገር አይኖርም። ባልነግራት ደግሞ ጋሼ በዝናብ እየደከሙ የለኩት ጣሪያ ቁመቱ ይቀንሳል፤ ይህን የማደርገው አንዲት ሴት እንዳታሸንፈኝ ብዬ ነው። ሒሳቡን ከፍዬ ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ

“የገጽ ብዛት አይደለም” አልኳት በሩ ላይ ቆሜ። ድምፄ ስላልተሰማ ደገምኩት።

ጋሼ ወደ አንድ ደብር የሚሄዱት ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት በወር በዓሉ ቀን ብቻ ነበር። ፋይሉ ላይ የሚጻፈውም ያ ቀን ነው። ሚካኤል ከሆነ አሥራ ሁለት፣ ማርያም ሃያ አንድ፣ መድኃኔዓለም ሃያ ሰባት። የደብሩን ስም አይጽፉትም፤ እሳቸው መቼም አይረሱትም። ከሥሩ ያለው ትንሽ ቁጥር መኪናው ካወረደን ቦታ በእግር የሄድንበት ደቂቃ ነው። ሰዓት የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ ደክሟቸው የተቀመጥንበትንም እቆጥራለሁ።

ሰላማዊት ጓንቷን አወለቀች። “ማን ነገረሽ?”

“ማንም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።”

ቁጥሩን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ፊቷ ቀላ። መደርደሪያው ላይ ዓይኗን አዞረችና “አሃ፣ ለዚህ ነው ከሠላሳ የማያልፈው” አለች። እኔ በስድስት ዓመት እግሬ እየቆሰለ የተማርኩትን እሷ ቆማ ጨረሰችው። ያ ከእሳቱ ወሬ በላይ አቃጠለኝ።

አምስት ሃያ አንዶች አወጣን። ወደ ቄሱ ደብር ሠላሳ አምስት ደቂቃ እንደሄድን ስለማስታውስ ከሥሩ 35 የሚለውን መዘዝኩ። የጣሪያው ቁመት፣ የወራጁ ርዝመት፣ የማገሩ ብዛት፣ ሁሉም አለ። ቄሱ ከደጁ ተጠርተው ቅጂውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው በጥምጣማቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉና መረቁን። እሷንም መረቋት። ለእኔ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ።

ወዲያው ለአለቃዋ ደወለች። “የፋይሎቹን አደረጃጀት አገኘሁት” አለች። አገኘነው አላለችም። ስልኩን ስትዘጋ እያየኋት መሆኔን ልብ አለችና “ስለ እሳቱ ያልኩሽ… ይቅርታ” አለች። ምንም አይደለም አልኳት፤ ግን ምንም አልነበረም ማለት አልችልም።

“ቁጥር የሌላቸው ሁለት ካርቶኖች አሉ” አለች ስትሸኘኝ። “ያለ አንቺ አልችላቸውም። ሐሙስ ትመጪልኛለሽ?”

“ሐሙስ አይመቸኝም” አልኩ። “አርብ ይሻለኛል።”

መልስ

መንገድ ላይ ሁለት ኪሎ ድንች ገዝቼ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ዳንግላ ገባሁ። ጉዞው ቅናቴን ያስተወኛል ብዬ ነበር፤ አላስተወኝም። ያስተማረኝ ሌላ ነው። ጋሼ ለሰላማዊት የሰጧትን ለእኔ አልሰጡኝም፣ ለእኔ የሰጡኝንም ለእሷ አልሰጧትም። የእኔ ድርሻ መንገዱ ነበር፤ አቀበቱ፣ ዝናቡ፣ የደከማቸው ጊዜ። እሷ ያንን የምታገኘው እኔ ከነገርኳት ብቻ ነው። ለጊዜው በዚህ እጽናናለሁ።

ድንቹን ጥጄ ልብሴን ቀየርኩ። ሐሙስ ምንም ሥራ የለኝም።