አባቴ የጠበቀው ስልክ

ነገሌ ትምህርት ቤት ሳለሁ ሥራዬ የሰማይ ድንጋይ ማደን ነበር። የፊዚክስ መምህራችን ከውጭ አገር ቴሌስኮፕ የሚላኩ ፎቶዎችን በኮምፒውተር ይከፍትልናል፤ ያው አንድ ሰማይ፣ በደቂቃዎች ልዩነት ደጋግሞ ፎቶ የተነሳ። ኮከብ ንቅንቅ አይልም። ፈቀቅ ያለች ነጥብ ካየን ግን አስትሮይድ የሚሉት የሰማይ ድንጋይ ልትሆን ስለምትችል እናሳውቃለን፤ አንድ ቀን ወደ ምድር የሚመጣ ቢኖር ቀድሞ እንዲታወቅ። ድንክ ስለሆንኩ ጓደኞቼ «የሰማይ ስባሪ» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ካገኘኋቸው ነጥቦች አንዷ አዲስ ሆና የምስክር ወረቀት ሲመጣልኝ አፋቸውን ያዙ። ደረቴን ነፋሁ፣ ምን እደብቃለሁ!

ሜጋ አካባቢ ከብት ለሚያረባው አባቴ ደውዬ ስነግረው ሳቀ።

«አያንቱ ወለድኩ በይኛ!»

አያንቱ በእኛ በቦረና ከዋክብትን አይቶ ወራቱንና ዝናቡን የሚናገር አዋቂ ነው። ቀልድ መስሎኝ አብሬው ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ስንደዋወል ስለ ጤናዬ እንጂ ስለ ሰማይ ጠይቆኝ አያውቅም።

ዝናቡ ቀረ። ደግሞ ቀረ። ሰዉ ከብቱን እየነዳ መሸሹን ስሰማ አባቴም አብሮ የሄደ መሰለኝ።

ትምህርት ሲዘጋ ሜጋ ወረድኩ። መንደራችን ዳር አክስቴን አገኘኋት፤ ሰላምታዋን እንኳ ሳትጨርስ አለቀሰች።

«ሂድ ብንለው እምቢ አለ። ‹ልጄ ሰማይ ታያለች፤ ዝናቡ የሚቀር ቢሆን ደውላ ትነግረኝ ነበር። አያንቱ አይጨቀጨቅም› ይላል። ያንቺን ስልክ ሲጠብቅ ከብቶቹ አለቁበት።»

ሰማይ ተደፋብኝ። ሮጥኩ። ጎረቤቶች አንዲት ላም በጅራቷና በቀንዷ ይዘው ሊያቆሟት ይታገላሉ፤ በስሜ ያለችው ላም ነበረች። ከእሷ ሌላ በረቱ ውስጥ የቀረ የለም። ከሰዎቹ አንዱ ሲያየኝ ፊቱን አዞረብኝ። አባቴ ከላሟ ጎን አቧራውን እያራገፈ ተነሳ።

«ልጄን እንዳትቀየሟት» አላቸው። «ሰማይ ለሽማግሌ አያንቱም ይሸሸጋል። ገና ልጅ ናት፣ ትማራለች።»

እኔ የማየው ድንጋይ ነው፣ ዝናብ አይደለም ልለው አፌን ከፈትኩ። ይህን ብነግረው ግን ከብቶቹን ያስጨረሰው የራሱ ስህተት ሊሆን ነው። ይኼን ተሸክሞ እንዴት ይኖራል? እጁን ያዝኩት።

«ይቅርታ፣ አባዬ» አልኩት። «ዝናቡ እንደሚቀር ሳላየው ቀርቼ ነው።»