ሕጂና ሂጂ

ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተሩን ያጥብ ነበር። በዚያን ጊዜ መቐለ ውስጥ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ዓይደር እኛ ሰፈር ደግሞ ፈረቃውም ይረሳናል። ይህን እያወቀ፣ የልጅ ጨርቅ ማጠቢያ ብዬ በበርሜል ካጠራቀምኩት ላይ አንድ ባልዲ ሙሉ ቀድቶ ብረት ላይ ያፈሰዋል። የጭስ ማውጫውን ፊቱን እስኪያይበት ይወለውላል፣ በግራና በቀኝ የተንጠለጠሉትን ሣጥኖች ያብሳል፣ ከፊት ነፋስ የሚከልለውን መስታወት በጋዜጣ ያሻል። ሲጨርስ ትንሽ ወደኋላ ራቅ ብሎ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያየዋል። እኔን እንደዚያ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያየኝ የተጫጨን ቀን ይመስለኛል።

«የፊት ፍሬኑስ?» እለዋለሁ በር ላይ ቆሜ።

«ጸገም የለን።»

ችግር የለም ማለቱ ነው። ሰው ችግር የለም የሚለው ችግሩን ካየ በኋላ ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን ሳያይ ነው የሚለው።

ሞተሩ ለረጅም መንገድ የተሠራ ትልቅ ነገር ነው። ለጉድጓድ ውሃ ሥራ መጥቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ለባለቤቴ ሸጦለት ሄደ። ያኔም አሮጌ ነበር። ከተማው ውስጥ ያሉት ትንንሽ ሞተሮች ዕቃቸው በየሱቁ ተንጠልጥሎ ይገኛል፤ የእኛን ዕቃ ግን ባለሱቆቹ ስሙንም ሰምተውት አያውቁም። አንዱ ብሎን ሲጠፋ ከጭነት መኪና፣ ሌላው ሲሰበር ከውሃ ፓምፕ እየተወሰደ እየተሞረደ የተገጠመ ስለሆነ፣ የፈረንጁ ሞተር የቱ ጋ እንደሚያልቅና የእኛ ጥገና የቱ ጋ እንደሚጀምር መለየት ያስቸግራል።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። በመምህርነት ተመድቤ መጣሁ፣ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቁሓ አማርኛ አስተማርኩ፣ የመቐለ ሰው አገባሁ። ቤታችን ውስጥ የምንነጋገረው በአማርኛ ነው። ባለቤቴ አማርኛው ጥሩ ነው፤ ሲናደድና እጁ ሥራ ሲይዝ ብቻ ሳያውቀው ወደ ትግርኛው ይገባል። እኔም ትግርኛ እሰማለሁ፣ በተለይ የሚናገረውን ሰው አፍ እያየሁ ከሆነ።

ሞተር መንዳት ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። ማስተማሩን አልክድበትም። ሁለት ጣትሽ ከፍሬኑ ላይ አይነሳ፣ ቁልቁለት በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ፣ ሚኒባስ ሲቆም ሹፌሩን ሳይሆን የፊት ጎማውን እዪ፣ ጠመዝማዛ ላይ አሸዋ ይኖራል ብለሽ ተነሺ ይለኛል። ጠዋት ሳትነሺ ዘይቱን፣ ጎማውን፣ መብራቱን፣ ፍሬኑን እዪ ይለኛል። «ሄልሜት ሳላደርግ ብታየኝ አደይ እንኳ አይማሩኝ» አሰኝቶ እናቱን ምስክር አድርጎ አስምሎኛል። መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ሮማናት አደባባይን ስዞር ታክሲ ሹፌሮች በመስኮት ወጥተው ያዩኛል፤ ቁሓ ተማሪዎቼ ከሩቅ በድምፁ ያውቁኝና ወደ ክፍል ይሮጣሉ። እሱ የመንገድ ሥራ ቀያሽ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ሳምንቱን ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ ሞተሩን የሚወለውለው እሱ፣ የምነዳው እኔ ሆንኩ።

ይሄ ሁሉ የሚያስቅ ነገር ነበር፣ ልጃችን እስክትወለድ።

የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ልጅቷ ጡጦ አልነካም አለች። በማንኪያ ብንል ትተፋዋለች፣ የጡጦውን ጫፍ ገና ስታየው ታለቅሳለች። አደይ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከውቅሮ መጥተው ይይዙልናል፤ ግን ጡት ከየት ያምጡ? ከቁሓ ዓይደር በሚኒባስ ማለት መጀመሪያ ሮማናት ድረስ፣ እዚያ ወርዶ ሌላ መጠበቅ ነው፤ የቀትር ዕረፍቴ ወረፋ ላይ ያልቃል። በሞተር ግን ወርጄ፣ አጥብቼ፣ ከአደይ እጅ አንድ ጉርሻ ተቀብዬ ሳልዘገይ ክፍል እገባለሁ። ልጄን ማጥባቴ በዚያ አሮጌ ሞተር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ይህን ለባለቤቴ በአማርኛም በትግርኛም ነግሬዋለሁ።

አንድ ቀትር ከእንዳ ኢየሱስ ወደ ከተማው በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬኑን ስጨብጥ፣ እጀታው ያለ ምንም ትግል መሪው ድረስ መጣ። ደግሜ ጨበጥኩ፣ ያው ነው። የኋላው ፍሬን ድሮም ለይስሙላ ነው ያለው። ማርሽ ቀነስኩ፣ አሁንም ቀነስኩ፣ ሞተሩ እየጮኸ እንደምንም ተገታ። ቤት ደርሼ ልጅቷን አቀፍኳት፣ ጡቴን ያዘች፣ ሳበች፣ ሳበች፣ ምንም የለም። ድንጋጤ ወተት እንደሚያስቀር ያን ቀን አወቅሁ። አብረን አለቀስን።

መካኒኩ ጋ ወሰድነው። ፈታው፣ አየው፣ ከፍሬኑ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጎማ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠ። ጎሚኒ ይሏታል፤ ዘይቱን የምትገፋዋ እሷ ናት። አብጣ ዳር ዳሯ ተበልቷል።

«መምህር፣ ይሄ ከአዲስ አበባ ካልመጣ እኔ አልገጥምም» አለኝ። «የመኪና ቆርጬ ልገጥምልሽ እችላለሁ፤ ግን አንቺ ቁልቁለት ትወርጃለሽ።»

እግዜር ይስጠው፣ ሐቁን ነገረን። ባለቤቴ ግን መንገድ ላይ ሲሳለቅ መጣ። «እሱ ሥራ መሸሽ ነው። ምን ሐሳብ አለሽ፣ እሑድ እኔ ራሴ እሠራዋለሁ።» አንዲት ፍሬ ጎማ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ምን እንደከበደው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሞተሩ የጎደለው ነገር አለ ብሎ ማመን ነው መሰለኝ የከበደው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሞተሩን በር ላይ፣ ኮብልስቶኑ ላይ አቆመው። ሰፈራችን ተዳፋት ነው፤ መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ዋናው አስፋልት ላይ ይወጣል። ከመኪና ጎሚኒ ቆርጦ ገጠመ። ከዚያ አዲስ ዘይት ጨምሮ ከመስመሩ ውስጥ አየር ማስወጣት አለበት፤ እኔ ላይ ተቀምጬ እጀታውን እጨብጣለሁ፣ እሱ ጎማው ሥር ተጋድሞ ትንሿን ብሎን ከፈት ዘጋ ያደርጋል። «ያዢ» ሲል እይዛለሁ፣ «ልቀቂ» ሲል እለቃለሁ። ፀሐዩ ጀርባዬን ጠበሰኝ። አደይ ልጅቷን ታቅፈው ከበሩ ጥላ ሥር ያዩናል። ጎረቤቱም በየደጁ ወጥቷል፤ እሑድ ነው፣ ሌላ ምን ሥራ አለው?

በመጨረሻ እጀታው ጠንከር አለ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ነገ ቀትር ልጄ ጋ እመጣለሁ ብዬ አሰብኩ። «በይ አስነሺው፣ ትሞክሪዋለሽ» አለኝ። ሄልሜቴን አደረግሁ፣ አስነሳሁት። እሱ ገና ከጎማው ሥር አልተነሳም።

«ጨረስክ? ልሂድ?» ብዬ ጮህኩ።

«ሕጂ!» አለ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የነገሩ ሁሉ መዘዝ እዚህ ነውና። ሕጂ በትግርኛ አሁን ማለት ነው። ቆይ፣ አሁን፣ አንዴ ይቺን ላጥብቅ ማለቱ ነበር፤ ብሎኗ ገና አልጠበቀችም። «ሕ»ን ከጉሮሮ ስቦ ሲያወጣው ፊቱን እያየሁ ብሰማ አይጠፋኝም። እኔ ግን ያኔ ሄልሜት ውስጥ ነኝ፣ ሞተሩ ከሥሬ ያጓራል፣ እሱ መሬት ላይ ነው። ልሂድ ብላ ለጠየቀች አማራ ሴት ጆሮ የሚመጣው መልስ አንድ ብቻ ነው። ሂጂ!

ሄድኩ።

ከኋላዬ ሲጮህ ይሰማኛል። «ሕጂ! ሕጂ እኮ ነው ያልኩሽ!» እያለ ይሮጣል። በጮኸ ቁጥር እኔ የምሰማው ሂጂ ነው፤ ምን ነካው፣ እየሄድኩ አይደል እንዴ እያልኩ ነዳጅ ሰጠሁት። መታጠፊያው ላይ ፍሬኑን ጨበጥኩ። እጀታው ጭብጥ ብሎ መሪው ላይ ተኛ። ዘይቱ ከተከፈተው ብሎን ተረጭቶ ጫማዬን ሲያርሰው ታወቀኝ። ከታች አስፋልቱ ላይ ሚኒባሶች ይመላለሳሉ። ማርሽ ለመቀነስ ጊዜ አልነበረም። ከመንገዱ ዳር የሚሠራ ቤት አለ፣ ፊቱ የአሸዋ ክምር፤ ሌላ ሳላስብ መሪውን ወደዚያ ጠመዘዝኩት።

አሸዋው ውስጥ ተቀበርን ማለት ይቻላል። ሞተሩ በግራ ጎኑ ወደቀ፣ የጎን ሣጥኑ ተፈነቀለ፣ ስፖኪዮው ረገፈ። እኔ ጉልበቴ ተላጠ፣ ክርኔ ደማ፣ አፌ አሸዋ ሞላ። ባለቤቴ ደርሶ አነሳኝ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ሰውነቴን እየዳበሰ ስሜን እየደጋገመ ይጠራል። እንዳልተሰበርኩ ሲያይ ግን ምን እንዳለ ታውቃላችሁ?

«ሕጂ ነው ያልኩሽ፣ ሂጂ አላልኩሽም!»

ከተሰበሰበው ጎረቤት አንዱ በሳቅ ፈነዳ፣ ሁሉም ተከተለው። ይስቃሉ፣ እየሳቁ ያራግፉኛል፣ እየሳቁ «ኣጆኺ»፣ አይዞሽ፣ ይሉኛል። እሱም ሳቀ። እኔ ብቻ አሸዋዬን እየተፋሁ ቆምኩ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀልድ ሆነ። የእኔ ደም፣ የእኔ ክርን፣ የከተማው ቀልድ! መምህራን ክፍል ውስጥ «መምህርት፣ ሕጂ ነው ወይስ ሂጂ?» ይሉኛል። ባለቤቴ ለእንግዳ ሁሉ ይተርከዋል፤ ሄልሜቱን፣ ጩኸቱን፣ የአሸዋውን ክምር ሳያስቀር፣ እኔን በቀጭን ድምፅ እያስመሰለ። ጥፋቱ የቋንቋ ሆነ፣ በቃ። አማርኛና ትግርኛ ተጣሉና እኔ ወደቅሁ። ብሎኗን ያላጠበቀ ሰው አልነበረም፣ የመኪና ጎሚኒ ቆርጦ የገጠመ ሰው አልነበረም። ሞተሩን መልሶ አቃንቶ፣ ሣጥኑን በሽቦ አስሮ፣ ቅዳሜ ያጥበዋል። እኔ ግን ጎሚኒው ካልመጣ አልወጣበትም ብዬ ቁርጡን ነገርኩት። በሚኒባስ ሆነ መመላለሴ። ቀትር ላይ ወተቱ ሸሚዜን እያራሰው፣ ሻሽ ደረቴ ላይ ጣል አድርጌ፣ ልጆቹን ስለ ግሥ አስተምራለሁ። ዓይደር ደግሞ አደይ በጡጦ ይታገሏታል።

አንድ እሑድ ዘመዶቹ ከውቅሮ መጡ። ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ እሱ ያንኑ ተረቱን ጀመረ፣ በትግርኛ። እኔ ሰሐን አነሳለሁ። «ሕጂ» ላይ ሲደርስ ሁሉም ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። አደይ ልጅቷን ጭናቸው ላይ አድርገው አልሳቁም። ሳቁ ጋብ እስኪል ጠበቁ።

«ፍሬኖ ነይሩዎ ድዩ?» አሉት። ፍሬን ነበረው ወይ?

«እንታይ?» አለ፣ ምን እንዳሉት ያልሰማ መስሎ።

«እታ ጓለይ ክትከይድ ከላ፣ ፍሬኖ ነይሩዎ ድዩ?» ልጄ ስትሄድ ፍሬን ነበረው ወይ? ልጄ ያሉት እኔን ነው።

ባለቤቴ ጠረጴዛውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ መልሶ ጠረጴዛውን አየ።

«ኣይነበሮን» አለ ቀስ ብሎ። አልነበረውም።

ከዚያ ቀን በኋላ ቀልዱን ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። በማግስቱ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛው ጋ ደወለ። ጎሚኒዋ እዚያም ወዲያው አልተገኘችም፤ ተፈለገች፣ ተጠበቀች፣ በመጨረሻ በአንድ የአውቶቡስ ሹፌር እጅ መጣች። መካኒኩ ገጠማት፣ ብሎኗን አጥብቆ ሲጨርስ እኔን ጠርቶ በእጄ አስነካኝ። ባለቤቴ አጠገቡ ቆሞ መፍቻ ያቀብለው ነበር።

በማግስቱ ቀትር ከቁሓ ወረድኩ። እንዳ ኢየሱስ ቁልቁለት ላይ ሆን ብዬ ደጋግሜ ጨበጥኩት፤ ሞተሩ ባልኩት ቦታ ቀጥ ይላል። ሄልሜት ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ቤት ደርሼ እጄን ታጠብኩና ልጅቷን ከአደይ ተቀብዬ ጡቴን አቀረብኩላት። በአፏ ነካ አደረገችው፣ ፊቷን አዞረች። ደግሜ አቀረብኩ፤ እግሯን አማታች፣ አለቀሰች። ደረቴን ተጫንኩት፣ ጠብ የሚል ነገር ብዙም አልቀረም። አደይ ጡጦውን አቀበሉኝ፤ ልጅቷ በሁለት እጇ ለቀም አድርጋ ይዛ ጠጣች።

ባለቤቴ ያን ቀን ከሜዳ ቀደም ብሎ ገባ፤ ከበሩ ገና ሲገባ ፊቱ በርቶ ነበር፣ እያጣጠብኩት በነበረው ጡጦ ላይ ግን ዓይኑ አላረፈም።

«እሺ፣ ያዘልሽ?» አለኝ።

ስለ ፍሬኑ ነው።

«ፍሬኑ ይዟል» አልኩት።