የቴሌቪዥኑ ዳኛና የጎረቤታችን ፈረስ

በደርግ ዘመን ነርስ ሆኜ አሰላ ስመደብ፣ በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበረው የቀበሌው አዳራሽ ብቻ ነበር። ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ጋቢያችንን ተከናንበን እንሰበሰባለን። አንድ ሰሞን አስቂኝ የፍርድ ቤት ድራማ በተከታታይ መታየት ጀመረ። ዳኛው ችሎት ላይ ቆሎ ይቆረጥማል፤ ጠበቃው ከደንበኛው ቀድሞ ያለቅሳል። በመጀመሪያው ክፍል አንዲት ሴትዮ የጎረቤቷን አውራ ዶሮ «እንቅልፍ ነሳኝ» ብላ ከሰሰች። ዳኛው ደግሞ ዶሮው ራሱ ቀርቦ ቃሉን እንዲሰጥ አዘዘ።

አከራዬ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ጨዋታ ወዳድ ሴት፣ ከመሳቃቸው ብዛት እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ጎረቤታችን ባለ ጋሪው ግን አልሳቀም። የቴሌቪዥኑ ሰውዬ የእውነት ዳኛ መስሎት፣ «ያ ረቢ! ቢፈረድበት ይታረድ ይሆን?» እያለ ለዶሮው ይጨነቃል። ከሁሉም የባሰው የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሰብሳቢ ነበር። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ፣ «ይሄ በሰፊው ሕዝብ ፍትሕ ማላገጥ ነው» ይላል። ቢሆንም አንድም ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት የሞኝ ጨዋታ ነው ብዬ ነበር፤ በሚቀጥለው ግን ድራማውን ላለማጣት የሥራ ተራዬን ከጓደኛዬ ጋር ተቀያየርኩ።

ታዲያ አንድ ቀን የባለ ጋሪው ፈረስ ገመዱን በጥሶ ጓሯችን ገባና የአከራዬን ጥቅል ጎመን አንዲት ሲቀር ሙልጭ አድርጎ በላ። ባለ ጋሪው፣ «የኔ ፈረስ አይደለም፤ እሱ ገብስ እንጂ ጎመን አይወድም» ብሎ ድርቅ አለ። አከራዬም ሸንጎ ከሰሱት። በቀጠሮው ቀን ከጥፋቱ የተረፈችውን አንዲት ጎመን በኤግዚቢትነት ታቅፈው ወጡ፤ እኔም ምስክር ሆኜ ተከተልኳቸው።

ሰብሳቢው ክሱን አንብቦ ሳይጨርስ አከራዬ ብድግ አሉ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ተከሳሹ ይቅረብልኝ።»

«ይኸው ቆሟል» አለ ሰብሳቢው ወደ ባለ ጋሪው እየጠቆመ።

«እሱማ ጠበቃው ነው። ጎመኔን የበላው ፈረሱ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን ደበደበ። «እማማ፣ ይሄ ቴሌቪዥን አይደለም!»

ይኼኔ ባለ ጋሪው እጁን አወጣ። «ይቅረብ፣ ጓድ! ዶሮው እንኳ ቀርቦ የለም እንዴ? የኔ ፈረስ ከዶሮ ያንሳል?»

ሁለቱም ወገን አንድ ቃል ሲሆኑ ሰብሳቢው ምን ያድርግ? ፈረሱ ደጅ ከቆመው ጋሪ ተፈትቶ ገባ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «አንተ…» ብሎ ጀመረና ቀጥሎ ምን እንደሚጠይቅ ጠፋው። ፈረሱም ጥያቄውን አልጠበቀም። አንገቱን ሰገግ አድርጎ ኤግዚቢቱን ከአከራዬ እቅፍ መነተፈና ይቆረጥም ጀመር።

«አመነ!» ብለው ጮኹ አከራዬ።

ሰብሳቢው ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነ። የሚያለቅስ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ነው ሳቅ መሆኑ የገባኝ። ሲረጋጋ፣ አዲስ ጎመን ተተክሎ እስኪደርስ ድረስ ባለ ጋሪው የአከራዬን እህል ወፍጮ ቤት በነጻ እንዲያመላልስ ፈረደ።

ባለ ጋሪው ቅር አለው። በማግስቱ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ፣ ለቴሌቪዥኑ ዳኛ ይግባኝ እንዴት እንደሚባል ጠየቀኝ።

«እሱ እኮ ተዋናይ ነው። የእውነት ዳኛ አይደለም» አልኩት።

«ታዲያ እንዴት ከኛው ይሻላል?» አለና ሄደ።

እህሉን ግን አመላለሰ። አከራዬ ጋሪው ላይ ከጎኑ ተቀምጠው፣ ስላለፈው ቅዳሜ ፍርድ እስከ ወፍጮ ቤቱ ይከራከራሉ። አንድ ቀን ክርክሩ ስላላለቀላቸው እህሉን ሳያወርዱ ተመለሱ።